ከእንጦጦ እስከ ሲ.ኤም.ሲ፦ በፉርጎ ጎን የተጻፉና የተፋቁ ስሞች

አፄ ምኒልክ በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ፈቃድ መንገዱን በሦስት ከፍሎ ያስቀምጠዋል። የመጀመሪያው ክፍል ከጅቡቲ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እንጦጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ያኔ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኗታል፤ በፈቃዱ ላይ የተጠራው ግን ብርዳማው ተራራ ነው። ባቡሩ እንጦጦን ወጥቶ አያውቅም። ሐረርም አልገባም። ነጭ ዓባይንማ ተዉት።

የዚህ ባቡር ታሪክ ብዙ ጊዜ ተተርኳል፤ በድልድዩ፣ በዕዳው፣ በዲፕሎማሲው ሽኩቻ በኩል። እኔ የምከተለው አነስ ያለውን ነገር ነው፦ በፉርጎዎቹ ጎን፣ በጣቢያዎቹ ግንባር፣ በኩባንያው ደብዳቤ ራስ ላይ የተጻፈውን ስም። ነገሩን ያመጣው ሐሳብ ከመጫወቻ የመነጨ ነው። የባቡር ሞዴል የሚሠራ ሰው ፉርጎ ገዝቶ በላዩ የታተመውን የሌላ አገር ኩባንያ ስም ፍቆ የራሱን ሊጽፍ ሲነሣ፣ ቀለሙንና ብሩሹን ከመያዙ በፊት የሚመልሰው ጥያቄ አለ፤ የስንት ዓመተ ምሕረቱን ስም? ለእኛ ባቡር ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

የመጀመሪያው ስም እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ላይ ተመዘገበ። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሸፍኔ ጋር ሆኖ ያቋቋመው ድርጅት «ኮምፓኚ ኢምፔሪያል ደ ሼማን ደ ፌር ኤትዮፒየን» ተባለ፤ ንጉሠ ነገሥታዊ የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ማለት ነው። ስሙ ላይ ፈረንሳይ የለችም። ገንዘቡ የፈረንሳይ፣ ወደቡ የፈረንሳይ፣ ጽሕፈት ቤቱም ፓሪስ ሆኖ ሳለ ስሙ ሙሉ በሙሉ የምኒልክ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ከጅቡቲ ተነሣ፤ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር፣ የፈቃዱ ዘመን 99 ዓመት።

እዚህ ላይ ስለ ፉርጎ ጽሑፍ ጥቂት ልበል። በአውሮፓ በዚያን ዘመን በያንዳንዱ ፉርጎ ላይ የባለቤቱ ስም ወይም ምኅጻረ ቃል፣ ተራ ቁጥር፣ ባዶ ክብደቱና የመጫን አቅሙ መጻፍ ነበረበት። ምክንያቱ የሂሳብ ነው። ሐዲዱ እርስ በርሱ የተያያዘ ስለሆነ የአንዱ ኩባንያ ፉርጎ በሌላው መስመር ላይ ሲዞር ይከርማል፤ ስሙ ካልተጻፈበት ማን ለማን ኪራይ እንደሚከፍል፣ ወዴት እንደሚመለስም አይታወቅም። የእኛ መስመር ግን ከየትኛውም ሐዲድ ጋር አልተገናኘም። የጅቡቲ ፉርጎ ጠፍቶ የሚሄድበት ሌላ አገር የለም። ከአሥመራና ከምጽዋው መስመር ጋርም አልተያያዘም፤ የሐዲዱ ስፋትም የተለየ ነው። ስለዚህ ቁጥሩና ክብደቱ ለሠራተኛው ቢጠቅሙም የባለቤቱ ስም ለሥራ አያስፈልግም ነበር። የእኔ ነው ለማለት ብቻ የሚጻፍ ስም ነው። ለዚህ ይመስለኛል ባለቤትነቱ ሲነካ እርሱም የሚነካበት ጊዜ የነበረው።

በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ሐዲዱ ሐረርን በስተደቡብ ትቶ ከተራራው ግርጌ ሜዳው ላይ ደረሰ። ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ስሙ አልጸናም፤ ድሬዳዋ የሚለው አሸነፈ። የገንዘቡ ነገር ደግሞ ከስሙም የባሰ ነበር። ኩባንያው ዕዳ ውስጥ ገባ፤ የፈረንሳይ መንግሥት እጁን አስገባ፤ ምኒልክ የራሳቸው ስም የተጻፈበት ባቡር የባዕድ መንግሥት ንብረት ሊሆን መሆኑን ሲያውቁ ተቆጡ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1906 በሦስትዮሽ ውላቸው ስለ ባቡሩም ተከፋፍለው ተስማሙ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኩባንያው ከሰረ።

በጥር 1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ተሰጠ። ተቀባዩ የምኒልክ ሐኪም የነበሩት፣ ትውልዳቸው ከጓዴሎፕ የሆነው ዶክተር ዦዜፍ ቪታልየን ናቸው። ከርሳቸው ወደ አዲሱ ኩባንያ ተላለፈ፤ የአዲሱ ኩባንያ ስምም «የጅቡቲ አዲስ አበባ ፍራንኮ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር» ሆነ። እንግዲህ ልዩነቱን ተመልከቱ። «ኢምፔሪያል» የሚለው ወጣ፤ «ፍራንኮ» ገባ፤ እርሱም ከኢትዮጵያ ፊት ቀድሞ። እንጦጦ ወጥቶ አዲስ አበባ ገባች። በፈረንሳይኛው ምኅጻር «ሴ.ኤፍ.ኤ.» የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ከዚያ ወዲህ የመስመሩ መታወቂያ ሆኑ። መካከለኛው ፊደል ሁለት መልክ ነበረው፦ ብረት የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃል መወከል ይችላል፣ ፍራንኮ የሚለውንም። ይህች ፊደል ኋላ ላይ ታስፈልገናለች።

ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ 784 ኪሎ ሜትር። ለገሃር ላይ ዛሬ የምናየው ሕንጻ ግን በኅዳር 1922 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ንድፉ የፈረንሳዊው የፖል ባሪያ ነው። ከፊቱ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ቆመ፤ ቀራፂው ዦርዥ ጋርዴ።

በዚሁ ዘመን በአውሮፓ ያ ትንሹ ባቡር፣ የመጫወቻው፣ የራሱን ታሪክ ይሠራ ነበር። የጀርመኑ ሜርክሊን እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕዚግ ትርኢት ላይ በመጠን የተመደበ ሐዲድ ይዞ ቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ የአንዱን ዓመት ፉርጎ በሌላው ዓመት ሐዲድ ላይ ማስኬድ ተቻለ። ፉርጎዎቹ ከቆርቆሮ የተሠሩ ነበሩ፤ መስኮቱም፣ በሩም፣ ስሙም ቆርቆሮው ሳይታጠፍ በፊት በሊቶግራፍ ይታተምበታል። እንዲህ ዓይነቱን ጽሑፍ ሳይጎዱ ማንሣት አይቻልም፤ ስሙ ከቀለሙ ጋር አንድ ሆኗልና። ስሙን ለመቀየር ፉርጎውን ሙሉ በሙሉ ደግሞ መቀባት ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1923 ከመቶ የሚበልጡ የባቡር ኩባንያዎች በአራት ሲጠቃለሉ የሆርንቢ ፋብሪካ መጫወቻዎቹን በአዲሶቹ ምኅጻረ ቃላት ማተም ጀመረ። ልጆች የኩባንያ ውህደትን የተማሩት ከቆርቆሮ ፉርጎ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በታኅሣሥ 1927 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ላቫልና ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሲስማሙ ኢጣሊያ ከባቡሩ ኩባንያ 2,500 አክሲዮን አገኘች። ስሙ አልተለወጠም። ፍራንኮ-ኢትዮጵያ የሚል ጽሑፍ የያዘ ፉርጎ ውስጥ የሙሶሊኒ ድርሻ ገባ። አንድ ዓመት ተኩል ሳይሞላ ደግሞ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ ባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ በሦስተኛው ቀን የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ከዚያ የሆነው ለሞዴል ሠሪ ፈተና ነው። ወራሪው የአንበሳውን ሐውልት ነቅሎ ሮም ወሰደው። ጎዳናው፣ አደባባዩ፣ ቢሮው ሁሉ አዲስ ስም ተለጠፈበት። ባቡሩ ግን የፈረንሳይ ንብረት ነው፤ ጅቡቲም የፈረንሳይ ናት። ኢትዮጵያ በካርታ ላይ ተሰርዛ ሳለ «ኢትዮጵያ» የሚል ቃል በስሙ የያዘ ኩባንያ በመሐል አዲስ አበባ ሥራውን ቀጠለ። ኢጣሊያ ይህን አልወደደችም፤ ባቡሩን የሚተካ መንገድ ከአሰብ በደሴ በኩል እስከ አዲስ አበባ ሠራች፤ በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢም ሮም ውስጥ ጅቡቲ ይገባናል የሚል ጩኸት ተነሣ። ከዚያ ዘመን በሌላው መስመር፣ በአሥመራና ምጽዋ፣ የቀረ አንድ ስም አለ፦ ሊቶሪና። የነዳጅ ሞተር ያለው ባለ አንድ ፉርጎ ባቡር ነው፤ ስሙ የመጣው ሙሶሊኒ ካሠራት ከተማ ከሊቶሪያ። ከተማይቱ ራሷ ከጦርነቱ በኋላ ስሟ ተፍቆ ላቲና ተብላለች። ፉርጎው ግን አሁንም ሊቶሪና ነው።

ከድል በኋላ መስመሩን እስከ 1938 ዓ.ም. ድረስ የእንግሊዝ ጦር አስተዳደረው፤ ከዚያ ወደ ኩባንያው ተመለሰ። እንግሊዞቹ አገራቸው ሲመለሱ የራሳቸው ባቡር ስም ጠበቃቸው። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1948 አራቱ ኩባንያዎች ተወርሰው «ብሪቲሽ ሬይልዌይስ» ሆኑ። በአንድ ሌሊት በሺህ የሚቆጠር ፉርጎ መቀባት አይቻልም፤ ስለዚህ የድሮው ቀለም እንዳለ ሆኖ ከቁጥሩ ፊት አንዲት ፊደል ተጨመረች፤ ፊደሏ ፉርጎው ከየትኛው ክልል እንደመጣ ትናገራለች። የእንግሊዝ የሞዴል ሰዎች ያን ሽግግር እስከ ዛሬ ይወዱታል። ግማሹ ፉርጎ በአሮጌ ስም፣ ግማሹ በአዲስ፣ አንዳንዱ በሁለቱም መካከል፤ አንድ ባቡር ላይ ሦስት መንግሥት ይቀጠላል።

እኛ ዘንድ በኅዳር 1952 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር አዲስ ውል ተፈረመ። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ ባለቤትነቱም እኩል በእኩል ሆነ። ከምኒልክ ቁጣ ወዲህ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፤ ሆኖም ስሙ ፍራንኮ-ኢትዮጵያ እንደሆነ ቀጠለ። በኢጣሊያ አክሲዮን ጊዜም እንዲሁ ሆኗል። ስሙን ብቻ አይቶ የባለቤትነቱን ታሪክ ሊጽፍ የሚነሣ ሰው ሁለቱንም ጊዜ ይስታቸዋል።

በነዚያው ዓመታት በሞዴሉ ዓለም ሁለት ነገሮች ተፈጠሩ፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ናቸው። አንደኛው ደረቅ ማስተላለፊያ ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ለንደን የተቋቋመው ሌትራሴት መጀመሪያ በውሃ የሚላጥ ፊደል ይሸጥ ነበር፤ በ1961 ግን ፕላስቲኩን ከላይ በእርሳስ ጫፍ ሲያሹት የሚለጠፍ ደረቅ ፊደል አወጣ። ከዚያ በፊት ስም የሚጽፍ ሰው የእጅ ጽሕፈቱ ሊያምር ይገባው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ብቻ በቂ ሆነ። ሁለተኛው የታምፖን ኅትመት ነው። ስዊሶች በሰዓት ገጽ ላይ ቁጥር ለማተም በጄላቲን ሲሠሩበት የኖሩትን ዘዴ ጀርመናዊው ቪልፍሪድ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ ሲሊኮን አዞረው። ስሙ በብረት ሰሌዳ ላይ ተቆፍሮ በቀለም ይሞላል፤ ለስላሳው የሲሊኮን ድቡልቡል ቀለሙን ከጉድጓዱ ያነሣና በፉርጎው ጎን ላይ ይጫነዋል። ሲሊኮኑ ስለሚተጣጠፍ ከጎበጠ ጎን፣ ከብሎን ራስና ከበር ስንጥቅ በላይ ሳይቀር ያትማል። የቀለሙ ንጣፍ እጅግ ስስ ነው። የዛሬ ሞዴል ፉርጎ ሁሉ በዚህ ዘዴ የተጻፈ ነው ማለት ይቻላል፤ ስሙን መፋቅ የተቻለውም በዚሁ ስስነቱ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ የኑረምበርጉ ሌማን ኤል.ጂ.ቢ. የተባለውን ትልቅ ባቡር አወጣ፤ ሐዲዱ 45 ሚሊሜትር፣ ልኬቱ 1 ለ22.5። ሲባዛ አንድ ሜትር ከጥቂት ነው። የጅቡቲ መስመር ስፋት!

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ። «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» የሚል ሰሌዳ ያለው ሁሉ፣ ዩኒቨርሲቲው ሳይቀር፣ ስሙን ለወጠ። ደርግ ባቡሩ ጋ ሲደርስ ግን ከኩባንያው ስም ላይ የሚፍቀው ንጉሥ አላገኘም። እርሱ በ1900 ዓ.ም. በባንክ ሰዎች እጅ ተፍቆ አልቋል። የቀረው የሚፋቅ ፈረንሳይ ነበር፤ እርሷንም ያስወጣት አዲስ አበባ ላይ የሆነው አብዮት ሳይሆን ጅቡቲ ላይ የሆነው ነው። ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ጅቡቲ ነጻ ወጣች። በዚያው ሰሞን የሶማሊያ ወረራ ድልድዮቹን አፍርሶ መስመሩን ዘጋው፤ ባቡሩ እንደገና የተንቀሳቀሰው በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ሁለቱ አገሮች ተስማምተው ድርጅቱን እኩል ተካፈሉት፤ ስሙም በፈረንሳይኛ «ሼማን ደ ፌር ጂቡቶ-ኤትዮፒየን» ሆነ። ምኅጻሩ ሴ.ዴ.ኤ.።

አሁን ወደዚያች መካከለኛ ፊደል እንመለስ። ከሦስቱ የተቀየረችው እርሷ ብቻ ናት። የላቲኑ ኤፍ አንድ ቀጥ ያለ ግንድና ወደ ቀኝ የተዘረጉ ሁለት ክንዶች አሉት፤ ዲ ያንኑ ግንድ ይጋራል። ክንዶቹን ፍቆ ከግንዱ ራስ እስከ እግሩ አንድ ቅስት መሳብ ብቻ ነው። ከሰባ ዓመት በላይ የኖረው የፈረንሳይ ስም በፊደል ቀለም ሲመዘን የሁለት ክንድ ያህል ነበር። በአማርኛው ይህ አይሆንም። «ፍራንኮ»ን ወደ «ጅቡቲ» የሚያሸጋግር የጋራ ግንድ የላቸውም፤ ከዚያም በላይ አማርኛው ቅደም ተከተሉን አዙሮ የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር አለው። ፈረንሳይኛው ጅቡቲን ያስቀድማል፣ አማርኛው ኢትዮጵያን። አንድ ድርጅት ነው፤ እንደ ቋንቋው ታላቅና ታናሹ ይለዋወጣል።

ያ ዘመን ለባቡሩ መልካም አልነበረም። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የተሳፋሪ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ 428 ሰዎች ሞቱ፤ በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከከፉት አደጋዎች አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የመዳከም ታሪክ ነው። መኪናው ጭነቱን ወሰደው፣ ሐዲዱ አረጀ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ቆመ። በዚያው ዓመት በኅዳር የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ ሜትሩን ሐዲድ ሊጠግን ሳይሆን 1,435 ሚሊሜትር ስፋት ያለው አዲስ ሐዲድ ሊዘረጋ። ሞዴል ለሚሠራው ሰው ይህ ከስም ለውጥ ይበልጣል። በ1 ለ87 ልኬት የድሮው መስመር በ12 ሚሊሜትር ሐዲድ ይሄዳል፤ አዲሱ በ16.5። ያው ፉርጎ በፊደል ለውጥ ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም።

በነገራችን ላይ ለፊደላችን መልካም ነገር የሆነው በዚሁ የድካም ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር «ኒያላ» የተባለው ቅርጸ ፊደል በየኮምፒውተሩ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው በቤቱ «ምድር ባቡር» ብሎ ሁለት ሚሊሜትር ቁመት ባለው ፊደል ማተም ይችላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ የ1952 ዓ.ም. ፉርጎ ላይ ኒያላ አይጻፍም። ያኔ ታፔላ የሚጻፈው በብሩሽ ነው፤ ግንዱ ወፍራም፣ ቅጥያው አጭር፣ ፊደሉም በጻፊው እጅ የሚለያይ። የኮምፒውተሩን ፊደል እንዳለ የሚለጥፍ ሰው ዓመተ ምሕረቱን በትክክል መርጦ በፊደሉ ያበላሸዋል።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ግንባታ በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ። ተቋራጩ የቻይናው የምድር ባቡር ቡድን፣ ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር። 41 ባቡሮቹን የሠራው የቻንግቹኑ ሲ.ኤን.አር. ነው፤ ባቡሮቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ግን፣ ግንቦት 24 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ሲ.ኤን.አር. ከተፎካካሪው ጋር ተዋሕዶ ሲ.አር.አር.ሲ. ሆነ። አዲስ አበባ ባቡሮቹን ሳታሳፍርባቸው የሠሪያቸው ስም አረጀ። የሰሜን ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የምሥራቅ ምዕራቡ በጥቅምት መጨረሻ። ይኸኛው ከአያት ይነሣና በመሪ፣ በሲ.ኤም.ሲ፣ በቅዱስ ሚካኤል፣ በሲቪል ሰርቪስና በጉርድ ሾላ አድርጎ መገናኛ ይደርሳል፤ ከዚያ እስከ ጦር ኃይሎች። ከምኒልክ ፈቃድ በኋላ 121 ዓመት ቆይቶ ሐዲድ ከየካ ኮረብታዎች ሥር አለፈ፤ እንጦጦ ግን አሁንም አልወጣም።

በዚህ ባቡር ላይ ባለቤቱን ከሚናገረው ጽሑፍ ይልቅ ሥራ የሚሠራው ቀለሙ ነው። የምሥራቅ ምዕራቡ አረንጓዴና ነጭ፣ የሰሜን ደቡቡ ሰማያዊና ነጭ። ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ፤ ለገሃርም በዚያ መካከል ናት። እዚያ ቆሞ ሲ.ኤም.ሲ መሄድ የሚፈልግ ሰው ማንበብ ቢችልም ባይችልም አረንጓዴውን ይጠብቃል። ከመቶ ዓመት በፊት የተለየ ሐዲድ ላይ ያለ ጥቅም የተጻፈው ስም፣ አሁን በጋራ ሐዲድ ላይ በቀለም ተተክቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተሳፋሪው ጠቃሚ ሆነ ማለት ነው። ታላቁ መስመር፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 የንግድ ሥራ ጀመረ፤ የሚነሣው ግን ከለገሃር ሳይሆን ከከተማው ውጭ ነው።

ሲ.ኤም.ሲም ራሱ ከስም ለውጥ አላመለጠም። ሦስቱ ፊደላት እዚህ ከሠራ የውጭ አገር የግንባታ ኩባንያ እንደቀሩ የሰፈሩ ሰው ይናገራል፤ ኩባንያው ሄዷል፣ ምኅጻሩ ጣቢያው ላይ ተጽፎ ቀርቷል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከየካና ከቦሌ ተቆርሶ ሲቋቋም በዚህ በኩል ብዙ የወረዳ ታፔላ ወርዶ በሌላ ተተክቷል።

እዚህ ሰፈር ቁጭ ብሎ የሴ.ዴ.ኤ. ዘመን ፉርጎ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው ዛሬ እንዲህ ያደርጋል። የስዊስ ወይም የጀርመን የሜትር መስመር ፉርጎ ያስመጣል። የታተመውን ስም ከመንካቱ በፊት ከሥር፣ ከማይታይ ቦታ ላይ ሙከራ ያደርጋል፤ ሁሉም ፕላስቲክ አንድ አይደለም። አሴቶን ፈጽሞ አይነካም፤ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ከፋርማሲ የሚገዛ ስፒሪት በጥጥ ጫፍ ይዞ ፊደሉ ላይ ብቻ ጥቂት ያረጥባል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ጫፍ ቀስ አድርጎ ያነሣዋል። ቸኩሎ ካሸ ከፊደሉ ጋር የፉርጎው ቀለምም ይመጣል። ፊደሉ ቢለቅም ቦታው ላይ የሚያብረቀርቅ ጥላ ይቀራል፤ ብርሃን በጎን ሲያርፍበት የድሮው ስም ይነበባል። ለዚህ መፍትሔው መሸፈን ነው፦ አዲሱን ስም ከመለጠፍ በፊት ጎኑን ሁሉ በሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ መሸፈን፣ ስሙ ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ በደብዛዛው። የሚያብለጨልጨው ግዴታ ነው፤ በሸካራ ገጽ ላይ የውሃ ስቲከር ሲለጠፍ ከሥሩ አየር ይይዝና ብርማ ሆኖ ይታያል።

ከዚያ ስሙን ማተም ነው፤ ሥራው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በውሃ የሚላጠው ወረቀት በተራ ሌዘር ማተሚያ ጥቁር ፊደል ያለ ችግር ያወጣል። ፉርጎው ጠቆር ያለ ቀለም ካለው ግን ነጭ ፊደል ያስፈልጋል፤ ተራ ማተሚያ ደግሞ ነጭ ቀለም የለውም። ነጭ የሚያትመው የጃፓኑ አልፕስ ማተሚያ ምርቱ ከቆመ ቆይቷል፤ የሞዴል ሰዎች አሮጌውን እየጠገኑ ይዘውታል። በ1 ለ87 ልኬት 20 ሳንቲ ሜትር የነበረ ፊደል 2.3 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በዚህ መጠን የላቲኑ ዲ ይነበባል፣ የ«ጅ» አንገትና የ«ቲ» እግር ግን ይዋጣሉ። ስለዚህ ወደ ትልቁ፣ ወደ 1 ለ22.5 መሄድ ይሻላል። እዚያ ያው ፊደል 9 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ለታክሲ ጥቅስ የሚቆርጥ ማንኛውም ስቲከር ቤት ይቆርጠዋል። ከመስጠት በፊት የ«ቡ»ን የጎን ቅጥያና የ«ዮ»ን እግር በኮምፒውተር ትንሽ ማወፈር ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ሠራተኛው ትርፉን ላስቲክ ሲነቅል ቅጥያው አብሮት ይነሣና «ኢትዮ-ጅቡቲ» ሌላ ቃል ሆኖ ይመጣል።